ሰባተኛዋ የበቆሎ ፍሬ

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ኢስታንቡል ለምትማረው ለልጄ ለሱዓድ።

ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ቆሎ በራሴ ጥርስ እቆረጥማለሁ፣ ላሜን በራሴ እጅ አልባለሁ፣ ለሱብሒ ሰላት መስጊድ ከሙአዚኑ ቀጥሎ የምደርሰው እኔ ነኝ። እናትሽ ረቢአ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ወዲህ ገንፎዬን ራሴ አገነፋለሁ፤ ይጓጉላል፣ ግን ይበላል። ይህንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከነጢሜ ተቀምጬ የቆጠርኳት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም። መስመሩ ወደ ታች ወረደ ብለሽ እንዳትፈርጂብኝ፤ የተንጋደደው ጠረጴዛው ነው።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ነሽ? ነጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ ወይ? ያ የባሕር ንፋስ ደረትሽን እንዴት አደረገው? የላክሁልሽን ጋቢ ትለብሽዋለሽ ወይስ ሰው ያየኛል ብለሽ ሻንጣ ውስጥ ቀብረሽዋል? ምግቡ ተስማማሽ ወይ? አብራሽ የምትኖረው የጅማዋ ልጅ ፋሪዳ ደህና ናት ወይ? ቤት ያከራዩአችሁ አሮጊት እግራቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከጉልበቴና ከአደም በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

አዎ፣ አደም። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ እኔ ከግራሩ ወዲህ፣ እሱ ከግራሩ ወዲያ ተቀምጠን የጠፋ ከብት ምልክት ስንፈርድ ፀጉራችን የነጣው አደም። አንዱ ላም ጠፋችኝ ይላል፣ ሌላው ላም አገኘሁ ይላል፤ ይህች ያቺ ናት፣ ይህች ያቺ አይደለችም የምንለው እኔና እሱ ነበርን። ቁርጥ ያለ ነገር የፈለገ ወደኔ ይመጣል። ነገሩ እንዲለሰልስለት የፈለገ ወደሱ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ገበያው ተከፋፍሎልን በሰላም ኖረናል። በሰላም ማለቴ ሳንነጋገር ማለቴ ነው።

አሁን ግን ምን ሆነ? አንቺ የሠራሽው፣ የጠፋ ከብትን ከተገኘው የሚያገናኝ ነገር፣ ገመድና ጨው ከምትሸጠው ከሀዲጃ ስልክ ውስጥ ገብቶ ገበያውን ያዘው። ከብት የጠፋበትም ያገኘም ወደ እሷ ይሄዳል። ስሙንስ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? የአደም ስልክ ነው የሚሉት! ስልኩ የሀዲጃ፣ ድካሙ የልጄ፣ ስሙ የአደም። የኔ ምኑ ነው? ሰውየው ፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶት፣ አዲስ ጥምጣም አስሮ፣ በከዘራው መሬት እየቆረቆረ እንደ ዳኛ ተቀምጧል። እኔ እዚያው ድንጋዬ ላይ ነኝ።

ክረምት መጥተሽ ሳለ ያስረዳሽኝን አልረሳሁትም። ነገሩ በሕግ ነው የሚሠራው አልሽኝ። ቀለሟ ከገጠመ፣ ግንባሯ ከገጠመ፣ ጆሮዋ ከገጠመ፣ ላሚቱ የዚያ ሰው ናት። እስከዚህ ድረስ እኔም እንደዚሁ ነው የምፈርድ። ኮምፒውተር ግን በጠባዩ ግትር ነው አልሽ፤ አንዱ ፈዛዛውን ቡላ፣ ሌላው ቀላ ያለውን ዳማ ካለ፣ አይገጥምም ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ያንን ስትይ እኔን እያየሽ ሳቅሽ፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለት ስም ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሰው ይንገረውና፣ ገጠመ አልገጠመም ማለቱን ትቶ ይህን ያህል ገጠመ ይበል አልሽ። ከምልክቶቹ ሁሉ ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ ነው የሚፈርደው ስትዪ፣ ሀዲጃ፣ ታዲያ ገመድስ የሚበጠሰው በሳሳበት አይደል፣ ብላ ቶሎ ገባት። ከአስር ሰባት ካልደረሰ ስልኩ ዝም ይላል።

ያንን የሚነግረውን ሰው ፍለጋ ነው እንግዲህ የአባትሽን ደጅ አልፈሽ አደም ዘንድ የሄድሽው። አስር የበቆሎ ፍሬ በእጁ ሰጥተሽ፣ ቡላና ዳማ ከአስር ስንት ይመሳሰላሉ ስትዪው፣ ምንጣፉ ላይ ስምንት ፍሬ ሲያስቀምጥ ከግራሩ ወዲህ ሆኜ አይቻለሁ። ግራጫና ነጭ ስትዪው ጢሙን እየዳሰሰ ሲያስብ፣ አንዷን ፍሬ ሲያነሳ፣ ሲመልስ፣ እንደገና ሲያነሳ አይቻለሁ። እሱ ሲናገር አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ ትሰሚው ነበር። እኔ ስናገር ስልክሽን ነው የምታዪው። ከዚያ ማታ ልብስሽን ስታጥቢ ከኪስሽ የአደም ፍሬዎች ዱብ ዱብ ሲሉ፣ ምን እንደተሰማኝ አልነግርሽም።

እኔንም ጠይቀሽኝ ነበር ትዪ ይሆናል። አስሩን ፍሬ ፊቴ ዘርግፈሽ፣ አባዬ ቡላና ዳማ ስንት ናቸው አልሽኝ፤ እኔም ቡላ ቡላ ነው፣ ዳማ ዳማ ነው ብዬ ፍሬዎቹን ሰብስቤ ለዶሮዋ በተንኩላት። ይህ መልስ አይደለም? በአስር ደቂቃ ውስጥ ተነስተሽ መሄድሽ ነው እንጂ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ሌላም እነግርሽ ነበር። አደም ዘንድ ግን ሳምንታት ተቀመጥሽ።

አሁን ወደ ወሬዬ ልመለስ። ሸጌ ጠፍታብኝ ነበር። ሸጌን ታውቂያታለሽ፤ እናትሽ ከአባቷ ቤት ይዛት ከመጣችው ላም ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እናትሽ ሞታ እኛ ቤት ገብቶ የሚወጣ ትንፋሽ ያለው ነገር እኔና እሷ ነን። በዚያ ላይ ከብዳ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጨፋ ረግረጉ ላይ እንደወትሮው ስትግጥ፣ ቆላው ደርቆ ከአፋርም ከባቲም የወጣው ከብት ከኛው ጋር ተደባለቀ። አንዱ መንጋ ወደ ባቲ ሲመለስ ተከትላ ሄደች መሰለኝ። እግሬ እስኪያብጥ ፈለግኋት። ጠርቼ ጠርቼ ድምፄ ተዘጋ።

መጨረሻ ላይ ኩራቴን ውጬ ሀዲጃ ዘንድ ሄድኩ። ቡላ ናት፣ ግንባሯ ነጭ ያለበት ቦቃ ነው፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው አልኳት። ስልኳን ነካካችና፣ አያ ጀይሉ፣ ባቲ አጠገብ ሙሀመድኑር የሚባሉ ሽማግሌ በረት ውስጥ አንዲት ባለቤት ያልተገኘላት ላም አለች፤ ግንባሯ ቦቃ ነው፣ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ ነው አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ቀለሟስ ብላት፣ ያገኛት ሰው በኦሮምኛ ቀይ ብሎ ነው ያስመዘገባት አለች። የኦሮምኛውን ቀይና የአማርኛውን ቀይ ስልኩ አንድ አድርጎ ነው የሚያይ፤ እሱን አልጠላሁበትም። ታዲያ ቡላ ስላት ቀይ የምታሳየኝ ለምንድን ነው ብላት፣ አደም ቡላና ዳማን ስምንት፣ ዳማና ቀይን ሰባት አስቀምጧልና ስልኩ በዳማ ተሻግሮ ከሁለቱ ዝቅተኛውን፣ ሰባትን ያዘ አለችኝ። ጆሮው ዘጠኝ፣ ግንባሩ አስር፣ ቀለሙ ሰባት፣ ዝቅተኛው ሰባት። ሰባት ላም አላውቅም አልኳት። ላም ወይ የኔ ናት ወይ የሰው ናት።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀይ መሆኗ ብቻ አልነበረም የመለሰኝ። በአደም ፍሬ ተመርቼ ላሜን ከማገኝ ሳላገኛት ብቀር ይሻለኛል የሚል ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። የአገሩን ደንብ ታውቂያለሽ፤ የባዘነ ከብት አንድ የታመነ ሽማግሌ ዘንድ ይቆያል፣ በየገበያው ይነገርለታል፣ ባለቤት ካልመጣ በምስክር ፊት ይሸጥና ለመስጊዱ ድሆች ይሆናል። ሀዲጃ በየሳምንቱ፣ አያ ጀይሉ ያቺ ላም አሁንም አለች፣ ትለኛለች። እኔ በየሳምንቱ ቡላ የሆነች ካለች ንገሪኝ እላታለሁ። በመጨረሻው ግን፣ አያ ጀይሉ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ባቲ ገበያ ሊሸጧት ነው፣ አለችኝ።

እሑድ አስር ሰዓት ላይ ደጄ በከዘራ ተቆረቆረ። አደም ነው፤ ሀዲጃ ነግራዋለች። አንተ ጀይሉ፣ አለኝ ሳይቀመጥ፣ ላንተ ዓለም ወይ አስር ፍሬ ነው ወይ ባዶ ምንጣፍ። ላንተ ደግሞ ዝሆንም ጥንቸልም የአጎት ልጅ ነው፣ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ የሚያሳየው ያ የወርቅ ጥርስ አለ አይደል? ነገ ባቲ አብረን እንሂድና እያት፣ ያንተ ካልሆነች ጢሜን ትላጨኛለህ አለኝ። የአንተን ጢም ለምንድን ነው የምፈልገው፣ ለሰፌድ ነው፣ አልኩት። እንግዲያው ብቻዬን ሄጄ አያታለሁ ብሎ ወጣ። ሂድ፣ ሰላም በልልኝ አልኩት ከኋላው።

ጠዋት ከመስጊድ ስወጣ፣ ወሏሂ፣ ያንን አዲስ ጥምጣሙን አስሮ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ አየሁት። ያኔ ነው ነገሩ ወደ ላይ የወጣብኝ። እጁን በእናትሽ ላም ጀርባ ላይ ሲያሳርፍ ታየኝ። ስሟን ሲጠራት ታየኝ። ልጄን ወሰደ፣ የሥራዋንም ስም ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ሸጌን! ገንፎዬን ምድጃ ላይ ትቼ ቀጥሎ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ የባቲውን ስይዝ ረዳቱ፣ አባባ ቀስ ይበሉ ቢለኝ፣ አንተ ቶሎ በል አልኩት። ላሚቱን ልፈልግ አልሄድኩም፤ አደም ቀድሞ እንዳይደርስባት ሄድኩ። አላህ ሰውን በምን እንደሚጎትት እሱ ነው የሚያውቅ።

ቀድሞ ደርሷል። ሙሀመድኑር በረት ስገባ አደም ከአፋሮች የገዛትን የአሞሌ ቁራሽ በመዳፉ ይዞ ቆሟል፤ ሸጌ፣ የእኔዋ ሸጌ፣ ያቺ ከኔ በቀር ሰው የማታስጠጋ ላም፣ ዓይኗን ጨፍና እጁን ትልሳለች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ሙሀመድኑር እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ላምህ አወቀችህ፣ አለው ለአደም። ምስክሮቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ላሚቱ የሱ ነበረች። አደም ግን ወደኔ ዞሮ፣ ላሟ የዚህ ግትር ሽማግሌ ናት፣ የኔ ጨው ብቻ ነው፣ አለ። እዚያ በረት ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሙሀመድኑር ግን ደንብ አዋቂ ነው። መመሳሰል እስከ በረቱ በር ያደርሳል እንጂ ገመድ አያስጨብጥም፣ ፊትህን አዙርና ስውር ምልክቷን ተናገር አለኝ። ዞርኩ። በቀኝ የኋላ ጭኗ ውስጥ፣ ከጡቷ ከፍ ብሎ፣ ጥጃ ሳለች ታማ በብረት የተኮስኳት ጠባሳ አለች፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህላለች አልኩ። ጎንበስ ብለው አዩ። አለች። አውራ ጣትህንም አምጣ ብለው ለኩት። ይህንን እንግዲህ ጽፈሽ ያዢው፤ አስር ነው። ዘጠኝ ተኩል አይደለም።

ከዚያ ገመዷን ይዤ ወደ ብርሃኑ ሳወጣት ቀለሟን አየሁት። ቡላ አይደለችም። ቀይም አይደለችም። ዳማ ናት፣ ልጄ። ጥርት ያለች ዳማ። ፀሐዩ ነው፣ የቆላው አቧራ ነው፣ ብዬ ጀርባዋን በእጄ አበስኩ፤ አልጠፋም። አደም ቀረብ ብሎ በዝግታ፣ ጥጃ ሳለች ቡላ ነበረች፣ ረቢአም ቀለሟን ቡላ ነው ያለችው፣ በየቀኑ የሚያዩት ሲለወጥ አይታይም አለኝ። አንተ ቡላ አልክ፣ ያገኛት ሰው ቀይ አለ፣ እሷ ማንም ያልጠራት ቦታ መሀል ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፣ አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ብናገረው ኖሮ ምን ነበረበት? እሱ ነው የተናገረው። አሁንም ይከነክነኛል።

ስንመለስ በአይሱዙ ነው። ሹፌሩ ሽማግሌዎች ጋቢና ግቡ ቢለን፣ ከላሜ አልለይም ብዬ ከኋላ ቆምኩ። አደምም ጥምጣሙን በአቧራ አበላሽቶ ከኋላ ወጣ። እስከ ከሚሴ ተጨቃጨቅን። ዳማና ቀይ ሰባት ብለህ እጅህን አላላህ፣ ስድስት ነው አልኩት። ስድስት ብልህ ኖሮ ስልኩ ዝም ይል ነበር፣ ላምህም ዛሬ የሌላ ሰው ናት አለኝ። እኔም ስላልተጠገነው የመንገዱ ጉድጓድ አወራሁ።

ግን አንድ ያላሰባችሁትን ነገር አስቤያለሁ፤ ለአደም አልነገርኩትም፣ ላንቺ ነው የምነግረው። ከቡላ ወደ ዳማ፣ ከዳማ ወደ ቀይ መሻገሩ ሸጌን አመጣልኝ፤ ይሁን። ከነጭ ወደ ግራጫ ሰባት፣ ከግራጫ ወደ ዳለቻ ሰባት፣ ከዳለቻ ወደ ጥቁር ሰባት ቢባልስ? ዝቅተኛው ሁሌም ሰባት ከሆነ፣ ነጭ ላም የጠፋበት ሰው ጥቁር ላም ተከትሎ ባቲ ሊሄድ ነው? ሰው ወንዝ ሲሻገር ድንጋይ በድንጋይ ይረግጣል፣ ግን በየድንጋዩ እግሩ ይረጥባል። መምህራንሽ ለዚህ መልስ ካላቸው ጻፊልኝ። ከሌላቸው የክረምት ዕረፍትሽን እኔ ዘንድ አድርጊው። ዶሮዋን አስራታለሁ።

ሸጌ ወለደች፤ ሴት ጥጃ ናት፣ ቡላ። ስትወለድ ማን ደጃፌ ላይ እንደነበረ ብነግርሽ ታምኛለሽ? አደም! ጥጃዋን አየና፣ ቡላ ናት፣ ለጊዜው፣ አለ። ሰውየው አንድ ነገር እንኳ ሳይጨምርበት አያልፍም። ስሟን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ረቡ አልኳት፣ በእናትሽ።

ለፋሪዳ ሰላም በዪልኝ፣ ጸሎቷን እንዳትተው። ለቤት አከራይሽ ለአሮጊቷ፣ እግራቸውን በሞቀ ውኃና በጨው ይዘፍዝፉት በያቸው። ሀዲጃ ሰላም ብላሻለች፤ ይህንን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ እሷ ናት፣ ሳታነበው እንደምታነሳው ምላልኛለች፣ አላመንኳትም። ሸጌና ረቡ ሰላም ብለዋል። አደምም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ አደራ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

ገንዘብ እልካለሁ ያልሽውን ተዪው። ያለብኝን ዕዳ ረመዳን ሳይገባ ራሴ እከፍላለሁ። ለሀዲጃ፣ ሸጌን ያሰርኩባት ገመድ የሷ ነው፤ ከጓሮዬ ቃጫ አዲስ እገምድላታለሁ። ለሙሀመድኑር፣ ከብዳ የነበረች ላም ሳይሰለች ስላበላ፣ የመጀመሪያውን ቅቤ ይዤለት ባቲ እሄዳለሁ። ለእናትሽ፣ መቃብሯ ዘንድ አንድ ያሲን እቀራላታለሁ፣ ላሟ መመለሷንም እነግራታለሁ። ላንቺ፣ ለዶሮ የበተንኳቸውን አስር ፍሬ። ለአደም አንድ አሞሌ፣ ቁራሽ ሳይሆን ሙሉ።

ለአደም ሌላም አለብኝ። ጥጃዋ በተወለደች ቀን ምንጣፌ ላይ አስር ፍሬ ዘረገፈና፣ እስቲ ላንተ እኔና ወንድም ከአስር ስንት እንመሳሰላለን አለኝ። ብዙ አሰብኩ። አንዷን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና አነሳሁ። ስድስት አስቀመጥኩለት። ቆጠራቸውና፣ ከሰባት በታች ስልኩ ዝም ነው የሚል፣ ብሎ በወርቅ ጥርሱ ሳቀ። ዝም ይበላ፣ አልኩት። ከቀሩት አራት ሦስቱን ፍሬ ዶሮዋ በላቻቸው። ሰባተኛዋ ግን ኪሴ ውስጥ ናት። ይህችንም ራሴ እከፍላታለሁና፣ ደውለሽ እንዳትነግሪው።

አባትሽ ጀይሉ
ከሚሴ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.